ስለ ስዊድኑ ሪክስባንክ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አክስቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን ስቶክሆልም ሲመጡ በቦርሳቸው አንድ የታጠፈ ፖስታ ይዘው ነበር። ውስጡ አራት ባለ 500 ክሮና ኖት አለ። ከብዙ ዓመት በፊት ከስዊድን የመጣ ዘመድ የሰጣቸው ነው። «ለክፉ ቀን» ብለው መጽሐፍ ቅዱሳቸው መሐል አኑረውት ኖሩ። ለልጆቹ ጫማ ሊገዙ ሱቅ ገባን። ሻጭዋ አንዱን ኖት ተቀበለች፤ ገልበጥ አድርጋ አየችው፤ ቀስ ብላ መለሰችላቸው። «ይሄ አይሠራም» አለች። የአክስቴ ፊት እንዴት እንደሆነ እስካሁን አልረሳውም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ዘመድ ወዳጅ ስለ ሪክስባንክ የጠየቀኝን ሁሉ ከነመልሱ መመዝገብ ጀመርኩ። እነሆ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሪክስባንክ ምንድን ነው? አካውንት መክፈት እችላለሁ?

አይቻልም። ሪክስባንክ የስዊድን ብሔራዊ ባንክ ነው። ደንበኞቹ ባንኮች እንጂ እኔና እናንተ አይደለንም። ደሞዝ አይገባበትም፣ ለግለሰብ አያበድርም፣ ካርድም የለውም።

ታዲያ ምን ይሠራል? ኖትና ሳንቲም ያወጣል። የፖሊሲ ወለድ፣ ማለትም የሌሎች ባንኮች ወለድ የሚከተለውን ወለድ፣ ይወስናል። የአገሪቱን ወርቅና የውጭ ምንዛሪ ይይዛል። ባንኮች እርስ በርስ የሚወራረዱበትን «ሪክስ» የሚባል የክፍያ ሥርዓት ያንቀሳቅሳል። እኔ አንድ ባንክ፣ እናንተ ሌላ ባንክ ብትሆኑ፣ የላክሁላችሁ ገንዘብ በመጨረሻ የሚወራረደው እዚያ ነው። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ትልቅ አደራ አለበት፦ የዋጋ ንረት በዓመት 2 በመቶ አካባቢ እንዲሆን ማድረግ። ይህን ግብ ያስታወቀው በ1993 ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው ደግሞ ከ1995 ጀምሮ።

ከዚህ አንድ ነገር ያዙልኝ። ስልክ ደውሎ «ከሪክስባንክ ነኝ፣ ገንዘብህ አደጋ ላይ ነው፣ ባንክ አይዲህን (ማንነት በስልክ የሚረጋገጥበትን መለያ) ክፈትልኝ» የሚል ሰው ሌባ ነው። ሪክስባንክ የማንም ግለሰብ አካውንት የለውም፤ የሌለውን አካውንት ሊያድን አይችልም። እናቶቻችሁንና አባቶቻችሁን ይህን አስጠንቅቁልኝ። ቋንቋው ስለማይገባቸው ቶሎ ይደነግጣሉ።

አሮጌ የስዊድን ኖት አገኘሁ። ሞቷል ማለት ነው?

ሱቅ ውስጥ አዎ። ሙሉ በሙሉ ግን አልሞተም።

መጀመሪያ አሮጌ መሆኑን ለዩ። ኖቱ ላይ ያለውን ፊት ተመልከቱ። ጢማም ንጉሥ ጉስታቭ ቫሳ ያለበት ባለ 1000፣ ንጉሥ ካርል 11ኛ ያለበት ባለ 500፣ የዕፅዋት ሊቁ ሊኔ ያለበት ባለ 100፣ ዘፋኟ የኒ ሊንድ ያለችበት ባለ 50፣ ደራሲዋ ሰልማ ላገርሎፍ ያለችበት ባለ 20፣ እነዚህ ሁሉ ዘመናቸው አልፏል። ባለ 20፣ 50 እና 1000ው በጁን 30 ቀን 2016፣ ባለ 100 እና 500ው በጁን 30 ቀን 2017 ከገበያ ወጥተዋል።

አሁን የሚሠሩት ሌሎች ናቸው። በ20 ላይ የልጆች ደራሲዋ አስትሪድ ሊንድግሬን፣ በ50 ላይ ኤቨርት ቶብ፣ በ100 ላይ ግሬታ ጋርቦ፣ በ200 ላይ ኢንግማር በርግማን፣ በ500 ላይ የኦፔራ ዘፋኟ ቢርጊት ኒልሶን፣ በ1000 ላይ ዳግ ሐማርሾልድ አሉ። ሐማርሾልድን እኛም እናውቃቸዋለን። የኢትዮጵያ ወታደሮች በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ሥር ኮንጎ ሲዘምቱ ዋና ጸሐፊው እሳቸው ነበሩ። በ1961 አውሮፕላናቸው በዛሬዋ ዛምቢያ ንዶላ አጠገብ ወድቆ ያረፉትም በዚያው በኮንጎ ጉዳይ ሲጓዙ ነው። ባለ 1000 ክሮና ብዙ ጊዜ እጄ አይገባም እንጂ፣ በገባ ቁጥር ለልጆቼ ይህን እነግራቸዋለሁ።

አሮጌ ኖት ካላችሁ ሪክስባንክ ይቀበላል። ማመልከቻ ትሞላላችሁ፤ ማንነታችሁን ታሳያላችሁ፤ ገንዘቡን እንዴት እንዳገኛችሁት ትጽፋላችሁ። «ከዘመድ በስጦታ» ከሆነ እንደዚያው ጻፉ። መጠኑ ከበዛ ማስረጃ ይጠይቃሉ፣ የሕገ ወጥ ገንዘብ ቁጥጥር ስላለ። ማመልከቻው ከኖቶቹ ጋር በፖስታ ይላካል። ከሚከፈላችሁ ላይ የአገልግሎት ክፍያ ይቆረጣል፤ የቀረው አካውንት ውስጥ ይገባል። ክፍያው ስንት እንደሆነ ከመላካችሁ በፊት ድረ ገጻቸው ላይ እዩ። አንድ ባለ 20 ክሮና ብቻ ይዛችሁ ከሆነ ድካሙን አያወጣም።

አሮጌ ሳንቲም ግን አይቀየርም። የድሮዎቹ ባለ 1፣ 2 እና 5 ክሮና ሳንቲሞች ከጁን 2017 በኋላ ለመታሰቢያ ብቻ ናቸው። ባለ 10 ክሮናው ወርቃማ ሳንቲም አሁንም ይሠራል፤ እሱን እንዳትጥሉ።

እኛ ይህን ነገር በሚገባ የምናውቀው ነን። ኢትዮጵያ በሴፕቴምበር 2020 ብር ስትቀይር የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። አያቶች ከፍራሽ ሥር፣ ከሳጥን ውስጥ እያወጡ ባንክ በር ላይ የተሰለፉበትን ጊዜ ማን ይረሳል። እዚህ ቀኑ ካለፈም በኋላ በር መኖሩ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ወረቀቱ የባንኩ ቃል ነው፤ ቃሉን ያከብራል። አክስቴ ሦስቱን ኖት ላኩ። አራተኛውን መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ መለሱት። «ያኛው ማስታወሻ ነው» አሉኝ።

የቤት ብድሬ ወለድ ለምን እንዲህ ሰማይ ወጣ?

ይህን ያልጠየቀኝ የለም። እስከ ኤፕሪል 2022 መጨረሻ የሪክስባንክ ወለድ ዜሮ ነበር። በሴፕቴምበር 2023 ላይ 4 በመቶ ደረሰ። አሥራ ሰባት ወር ባልሞላ ጊዜ ማለት ነው።

በቁጥር እንየው። 2 ሚሊዮን ክሮና ተበድራችኋል እንበል። ወለዱ 1.5 በመቶ ሲሆን በወር 2,500 ክሮና ትከፍላላችሁ። 4.5 በመቶ ሲሆን 7,500። ከግብር የሚመለስላችሁ 30 በመቶ ይቀነስ፤ ቢሆንም ከ1,750 ወደ 5,250 ነው። ዋናው ብድር የሚቀነስበት ክፍያ ገና አልተነካም። ልዩነቱ የአንድ ቤተሰብ የወር አስቤዛ ነው። በዚያ ሰሞን ቡና ላይ ስንቀመጥ ሌላ ወሬ አልነበረንም።

በስዊድን ነገሩ ቶሎ የሚሰማው ብዙ ሰው «ሮርሊግ» የሚባለውን፣ ማለትም በየሦስት ወሩ የሚቀያየረውን ወለድ ስለሚመርጥ ነው። ወለዱን ለዓመታት የቆረጠ ሰው እስከ ቀኑ ድረስ አይነካም። ሪክስባንክ ዛሬ የወሰነው በጥቂት ወር ውስጥ የሮርሊግ ባለቤት ኪስ ይደርሳል።

ለምን አደረጉት? ዋጋ ስለተሰቀለ። በዲሴምበር 2022 የዋጋ ንረቱ 10.2 በመቶ ደርሶ ነበር። ግቡ 2 መሆኑን አስታውሱ። ወለድ ሲጨምር ሰው ለባንክ ብዙ ይከፍላል፤ ለሶፋ፣ ለመኪና፣ ለሽርሽር የሚተርፈው ያንሳል። ገዢ ሲጠፋ ነጋዴ ዋጋ መጨመር ይፈራል።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። ሪክስባንክ የሚከተለው መለኪያ «ኬፒአይኤፍ» ይባላል። የዋጋ መለኪያ ነው፤ ግን የቤት ብድር ወለድ በመለዋወጡ የመጣውን ለውጥ ከሒሳቡ ያወጣል። ለምን? ባንኩ ወለድ ሲጨምር የቤት ወጪ ይጨምራል፤ ያ ከተቆጠረ ንረቱ የባሰ ከፍ ያለ ይመስላል። ትኩሳት የሚለካው ቴርሞሜትር በመድኃኒቱ መሞቅ የለበትም።

እኔ ወለዱን መጨመራቸው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። የዋጋ ንረት መጀመሪያ የሚበላው ደሞዙ ትንሽ የሆነውን ሰው ነው። ሸክሙ ግን እኩል አልተከፋፈለም። ዋጋ ጣሪያ ሊነካ በተቃረበበት በ2021 ቤት የገዙ ወጣት ቤተሰቦች ከሁሉ በላይ ተጎዱ። ከሜይ 2024 ጀምሮ ወለዱ መውረድ ጀመረ፤ በሴፕቴምበር 2025 1.75 በመቶ ላይ ደርሷል። ስብሰባ በመጣ ቁጥር ስለሚለወጥ የዕለቱን ቁጥር ከራሳቸው ገጽ አረጋግጡ።

ወለድ ከዜሮ በታች ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በፌብሩዋሪ 2015 ወደ −0.10 በመቶ አወረዱት፤ በዓመቱ −0.50 ደረሰ። ባንኮች ገንዘባቸውን ሪክስባንክ ሲያስቀምጡ እነሱ ይከፍሉ ነበር። ችግሩ ያኔ የተገላቢጦሽ ነበር፤ ንረቱ ከ2 በመቶ በታች ሆኖ አልነሳ አለ። ለተራው ሰው ቁጠባ ባንኮች በአብዛኛው ዜሮ ላይ አቆሙት። በ2020 መጀመሪያ ወደ ዜሮ ተመለሰ።

ወለድ 500 በመቶ ደርሶ ነበር የሚባለውስ?

እሱም እውነት ነው። ሴፕቴምበር 16 ቀን 1992።

በዚያን ጊዜ ክሮና ከአውሮፓ የጋራ የሒሳብ ገንዘብ፣ ከኤኩ ጋር በቋሚ ዋጋ ታስራ ነበር። ገበያው «ይህ ዋጋ አይቆይም» ብሎ አመነ። ነጋዴዎች ክሮና እየተበደሩ ይሸጡና የጀርመን ማርክ ይገዙ ጀመር። ክሮና ስትወድቅ በርካሽ ገዝተው ብድራቸውን ሊመልሱ። በቤንት ዴኒስ የሚመራው ሪክስባንክ ብድሩን ለማስወደድ ባንኮች ለአንድ ሌሊት የሚበደሩበትን ወለድ 500 በመቶ አደረገው። በዓመት የሚታሰብ ስለሆነ ለአንድ ሌሊት 1.4 በመቶ ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ በየሌሊቱ ሲከፈል ግን ማንም አይችለውም። በዚያው ቀን እንግሊዝም ፓውንዷን ለማዳን ስትታገል ውላ ተሸንፋለች።

ሪክስባንክ ሁለት ወር ተከላከለ። ኖቬምበር 19 ላይ በቃን ብለው ክሮናን ለቀቋት። ከዚያ ወዲህ ዋጋዋን የሚወስነው ገበያ ነው። በጁላይ 2024 ብር ለገበያ ሲለቀቅ ከአገር ቤት ብዙ ስልክ ይመጣልኝ ነበር። ያን ሰሞን ደጋግሜ የማወራው የ1992ቱን የስዊድን ታሪክ ነው። ኢኮኖሚዎቹ አይመሳሰሉም፤ የሰው ጭንቀት ግን ያው ነው። የስዊድን ትምህርት ምንዛሪውን ከለቀቁ በኋላ የመጣ ነው። ቋሚ ምንዛሪ ሲጠፋ ሰው የሚይዘው ሌላ መልሕቅ ያስፈልገዋልና በሁለት ወር ውስጥ 2 በመቶውን ግብ አወጁ።

መቼ ተመሠረተ? ከዓለም አንደኛ ነው የሚሉት ትክክል ነው?

በ1668 ነው፤ እስካሁን ካሉት ብሔራዊ ባንኮች ሁሉ ቀዳሚው ነው። የእንግሊዙ የመጣው በ1694 ነው።

አጀማመሩን ስነግር ደስ ይለኛል። በ1600ዎቹ ስዊድን ብር የሚባለው ማዕድን ጥቂት ነበራት፤ በብዛት የነበራት መዳብ ነው። ስለዚህ ገንዘቡን ከመዳብ ሠሩት። መዳብ ርካሽ ስለሆነ ገንዘቡ ግዙፍ መሆን ነበረበት። በ1644 የወጣው ባለ 10 ዳለር የመዳብ ሳህን 19.7 ኪሎ ይመዝናል። ከአንድ ፈረሱላ በላይ! አንድ ገንዘብ፣ አንድ ሰው ተሸክሞ። እኛ አሞሌ ጨውን በበቅሎ ስንጭን እነሱም መዳባቸውን በጋሪ ይጎትቱ ነበር።

ዮሐን ፓልምስትሩክ የሚባል የሪጋ ተወላጅ መላ አመጣ። ስቶክሆልምስ ባንኮ የሚባል ባንክ ከፈተ። መዳባችሁን እዚህ አስቀምጡ፣ እኔ ወረቀት እሰጣችኋለሁ አለ። በ1661 የወጡት እነዚያ ወረቀቶች በአውሮፓ የመጀመሪያዎቹ የባንክ ኖቶች ናቸው። ሰው ወደዳቸው። ፓልምስትሩክ ግን ካስቀመጠው በላይ አበዛቸው። ሰዎች ጠረጠሩ፤ ወረቀታቸውን ይዘው መዳባችንን መልስ አሉ። መዳቡ አልበቃም። ባንኩ ወደቀ። ሰውየው ሞት ተፈረደበት፤ ኋላ ቅጣቱ ተቀየረለት።

ፓርላማው ከዚያ ፍርስራሽ ላይ አዲስ ባንክ አቆመ። ንጉሡ እንዳይነካው ከራሱ ሥር አደረገው። ወረቀት ማተምም ከለከለው። ከ1701 በፊት ኖት የሚመስል ነገር አላወጣም። ሠላሳ ዓመት በላይ! አንድ ጊዜ የተቃጠለ እጅ እንዲህ ነው። በስዊድን ኖት የማውጣት መብት ሙሉ በሙሉ የሪክስባንክ ብቻ የሆነውም ገና በ1904 ነው፤ እስከዚያ የግል ባንኮችም የየራሳቸውን ያወጡ ነበር።

መንግሥት «ወለድ ቀንስ» ብሎ ሊያዝዘው ይችላል?

አይችልም። ሕገ መንግሥቱ ራሱ ይከለክላል። ባንኩ ተጠሪነቱ ለፓርላማ ነው። ፓርላማው 11 ሰዎች ያሉበት ጉባኤ ይሰይማል፤ ጉባኤው ዳይሬክተሮቹን ይሾማል። ከ2023 ጀምሮ ገዢው ኤሪክ ቴዴን ናቸው።

የምወደው ነገር ቃለ ጉባኤያቸው ነው። ወለድ ከወሰኑ ከቀናት በኋላ ማን ምን እንዳለ፣ ማን እንደተቃወመ በስም ያወጡታል። ማንም ያነበዋል፤ በእንግሊዝኛም አለ። እኔ የቤት ብድሬን ከማደሴ በፊት ቁጭ ብዬ አነባለሁ። አሰልቺ ቢመስልም በብድራችሁ ላይ የሚወስኑ ሰዎች እንዴት እንደሚያስቡ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ባንኬ አካውንቴን ዘጋብኝ። ለሪክስባንክ ልክሰስ?

ይህ ስህተት ከአገር ቤት የመጣ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ባንኮችን ይቆጣጠራል፤ ስለዚህ አቤቱታ ወደዚያ ይሄዳል ብለን እናስባለን። በስዊድን ባንኮችን የሚቆጣጠረው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው፣ ፊናንስኢንስፔክሽን ይባላል። እሱም ቢሆን የግል ክርክር አይፈርድም።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ እዚያው ባንኩ ውስጥ ላለው የቅሬታ ኃላፊ በጽሑፍ አመልክቱ። ምክር ከፈለጋችሁ የተጠቃሚዎች የባንክና ፋይናንስ ቢሮ በነጻ ይመክራል። ካልተፈታ «አርን» ለሚባለው የተጠቃሚዎች ቅሬታ ቦርድ ውሰዱት። አንድ ጓደኛዬ ሦስት ወር ለተሳሳተ መሥሪያ ቤት ሲጽፍ ከርሟል። ሦስት ወር ያለ አካውንት ስዊድን ውስጥ መኖር ምን ማለት እንደሆነ የቀመሰው ያውቃል።

ሱቅ ካሽ አልቀበልም ማለት ይችላል?

በአብዛኛው ይችላል፤ እኔ ግን አልስማማበትም። ሕጉ የሪክስባንክ ኖት ሕጋዊ መክፈያ ነው ይላል፤ ነገር ግን ሻጭ በር ላይ «ካሽ አንቀበልም» ብሎ ከለጠፈ እንደ ውል ይቆጠራል። ባንክ አይዲ የሌላቸው አዲስ መጤዎችና ሽማግሌዎች ኪሳቸው ሙሉ ሆኖ ቡና መግዛት ያቅታቸዋል። ሪክስባንክ ራሱ ካሽ እንዲጠበቅ ሕግ ይውጣ እያለ ለዓመታት ሲወተውት ቆይቷል።

በስልክ ገንዘብ የምንላላክበት ስዊሽ የሪክስባንክ ይመስላችኋል? አይደለም፤ በ2012 የጀመሩት የግል ባንኮች ናቸው።

ለምን ዩሮ አልገቡም?

ሕዝብ እምቢ ስላለ። ሴፕቴምበር 14 ቀን 2003 በተደረገው ድምፅ 56 በመቶ ገደማ አንፈልግም አሉ። የዩሮ ደጋፊ የነበሩት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ አና ሊንድ ድምፁ ሊሰጥ አራት ቀን ሲቀረው በስለት ተወግተው በማግሥቱ አረፉ። አገሩ በሐዘን ላይ ሆኖ ነው ድምፅ የሰጠው፤ ሆኖም ውጤቱ አልተለወጠም።

ወርቁ የት ነው?

125.7 ቶን አለ። ግማሽ የሚሆነው ለንደን፣ የእንግሊዝ ባንክ ምድር ቤት ነው። የቀረው ካናዳ፣ ኒውዮርክ፣ ስዊዘርላንድና እዚሁ ስዊድን ተከፋፍሎ ተቀምጧል።

ብሔራዊ ባንክ ይከስራል?

እንደ ሱቅ አይዘጋም፤ ግን ይጎዳል። ወለድ ዝቅ ባለበት ዘመን ብዙ ቦንድ ገዝቶ ነበር። ወለድ ሲጨምር የቦንዶቹ ዋጋ ወረደ። በ2022 ብቻ 80 ቢሊዮን ክሮና ገደማ ከሰረ። በ2024 ለፓርላማው 43.7 ቢሊዮን ስጡኝ ብሎ አመለከተ፤ ፓርላማው 25 ቢሊዮን ፈቀደ። ይህ ገንዘብ ለትምህርት ቤትና ለሆስፒታልም ይሆን ነበር። ቦንዱ ያን ያህል መገዛት ነበረበት ወይ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ይመስለኛል።

የኖቤል ሽልማት ይሰጣል የሚባለውስ?

የኢኮኖሚክሱን። ባንኩ 300 ዓመት በሞላው በ1968 ለአልፍሬድ ኖቤል መታሰቢያ አቋቋመው፤ ወጪውን ይሸፍናል። ተሸላሚ የሚመርጠው ግን የሳይንስ አካዳሚው ነው።

ሄጄ ማየት እችላለሁ?

ያሁኑን ከውጭ። ብሩንከበርይስቶርይ አደባባይ ላይ ያለው ጥቁር፣ ሸካራ ድንጋይ የለበሰው ሕንጻ ነው፤ በ1976 የተጠናቀቀ፣ የአርክቴክቱ የፔተር ሰልሲንግ ሥራ። ለአሮጌ ኖት ብላችሁ ግን እዚያ አትሂዱ፤ እሱ በፖስታ ነው።

እኔ የምመክራችሁ አሮጌውን ነው። ጋምላ ስታን ውስጥ፣ ያርንቶርየት አደባባይ ላይ ባንኩ በ1600ዎቹ ያሠራው ቤት እስካሁን ቆሟል። አክስቴን ወስጃቸው ነበር። የመዳቡን ሳህን ክብደት ስነግራቸው ግንቡን በእጃቸው ዳሰስ አደረጉና «ግድግዳውን እንዲህ ያወፈሩት ለዚያ ነዋ» አሉ።